ከቬትናም ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ፦ ጉዞው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው

በአሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ከቬትናም ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ ሲወስን ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው ነው። ጉዞው ግን የሂደቱ ጅራት ነው። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሁለት መንግሥታት ተራ በተራ የሚፈርሙባቸው ወረቀቶች አሉ። ተራው ከተዛባ ልጁ በቬትናም ሕግ ልጃችሁ ሆኖ ሳለ ወደ አሜሪካ የሚገባበትን ቪዛ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ ማብራሪያ ከሁሉ በላይ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው።

ደንቡ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1975፣ ሳይጎን ከመውደቋ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ ከ2,500 በላይ ሕፃናት በጥድፊያ በአውሮፕላን ከቬትናም ወጡ። ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች አንዱ ተከስክሶ 138 ሰዎች ሲሞቱ 78ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከወጡት መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ፣ የትውልድ ወረቀታቸው የጠፋ ልጆችም ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ጉዲፈቻው በማጭበርበር ጥያቄ ተነሥቶበት ተዘግቷል፤ እንደገና ተከፍቷል። በ2005 በሁለቱ አገሮች መካከል የተፈረመው ስምምነት በሴፕቴምበር 2008 ሲያልቅ አልታደሰም፤ በሐኖይ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በልጆች ወረቀት ላይ የተፈጸሙ ማጭበርበሮችን ማግኘቱን በይፋ ገልጾ ነበር። ቬትናም በ2010 አዲስ የጉዲፈቻ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ደግሞ አገሮች ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ በጋራ የተስማሙበት የሔግ የጉዲፈቻ ስምምነት በአገሪቱ ጸና። ከአሜሪካ ጋር ያለው በር የተከፈተው በሴፕቴምበር 2014 ነው፤ እሱም በልዩ ፕሮግራም ብቻ።

«ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ከኦሮሞ ባህል የወረስን እኛ ይህን ታሪክ በቀላሉ እንረዳዋለን። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 የቤተሰብ ሕጓን አሻሽላ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘግታለች። የውጭ ጉዲፈቻ ሁለት ገጽ እንዳለው ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ማን መውሰድ ይችላል? የትኞቹን ልጆች?

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የሚሰናከልበትን ነገር በቅድሚያ እንበለው፦ ግሪን ካርድ አይበቃም። በሔግ ስምምነት መሠረት ልጅ ለማምጣት አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ዜጋ መሆን ይበቃል፤ ጉዲፈቻውን ግን የሚያደርጉት ሁለቱም በአንድነት ነው። ያላገባ ሰው የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሲያስገባ ቢያንስ 24፣ ሁለተኛውን ሲያስገባ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን ይኖርበታል። የቬትናም ሕግ ደግሞ በወላጅና በልጅ መካከል ቢያንስ የ20 ዓመት ልዩነት ይፈልጋል።

ጤናማ ጨቅላ ሕፃን የሚፈልግ ቤተሰብ በዚህ መንገድ አያገኝም። ልዩ ፕሮግራሙ የሚመለከተው ሦስት ዓይነት ልጆችን ነው፦ ልዩ የጤና ፍላጎት ያላቸውን፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን፣ እንዲሁም ወንድማማችና እኅትማማች ሆነው አብረው መሄድ ያለባቸውን። የጤናው ጉዳይ ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ፣ የልብ ሕመም፣ የእጅና የእግር ጉድለት፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር፣ ኤችአይቪ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ክትትል ይጠይቃል። የትኛውን እንደምትችሉ ባልና ሚስት በሐቅ ተነጋግራችሁ መወሰን ያለባችሁ የልጅ ፎቶ ሳታዩ በፊት ነው። ፎቶው ከመጣ በኋላ ልብ ቀድሞ ይፈርማል።

በ2014 ፈቃድ ያገኙት ሁለት ኤጀንሲዎች ሆልት ኢንተርናሽናል እና ዲሎን ኢንተርናሽናል ናቸው። ኤጀንሲ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፦ ከአሜሪካም ከቬትናምም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱም በዚያ ቀን የጸኑ መሆናቸውን ጠይቁ፤ በጽሑፍም ተቀበሉ።

ሆም ስተዲ፦ ቤታችሁ የሚመዘንበት

ፈቃድ ያለው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ፣ ለየብቻና በአንድነት አነጋግሯችሁ የሚጽፈው ሪፖርት ሆም ስተዲ ይባላል። ገቢ፣ ጤና፣ ትዳር፣ አስተዳደግ፣ ልጅን ስለ መቅጣት ያላችሁ አመለካከት ሁሉ ይገባበታል። ወላጆቹም ቢያንስ የ10 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። ሪፖርቱ ሲገባ ከ6 ወር በላይ ያረጀ ከሆነ ተቀባይነት የለውም።

በሐበሻ ቤት ሦስት ነገሮች ፋይል ያዘገያሉ።

አንደኛው በቤቱ የሚኖሩ ዘመዶች ናቸው። እናታችሁ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም የአጎት ልጅ ምድር ቤት ከተከራየ፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ የቤቱ ነዋሪ ሁሉ በሆም ስተዲው ይካተታል፤ አሻራም ይሰጣል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ አዲስ ሰው ቢገባ ሪፖርቱ መታደስ አለበት። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ኋላ ላይ ከሚመጣ ችግር ሁሉ የባሰውን ይወልዳል።

ሁለተኛው ያለፈ መኖሪያ ነው። ከ18 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የኖራችሁባቸው ክፍለ ግዛቶችና አገሮች ሁሉ ይቆጠራሉ፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደል መዝገብ ባለበት ሁሉ ስማችሁ ይጣራል። በሱዳን፣ በኬንያ፣ በሳዑዲ ወይም በዱባይ ያለፉ ዓመታት ካሉ ከነቀናቸው ጻፏቸው። የታሰራችሁበት አጋጣሚ ካለም፣ ፋይሉ ተዘግቶ ወይም ተሰርዞ ቢሆን እንኳ፣ መናገር ግዴታ ነው። አንድ የቆየ እስር በራሱ ብዙ ጊዜ አያስከለክልም፤ መደበቁ ግን ያስከለክላል። በመደበቅ ምክንያት የተከለከለ ሰው ለአንድ ዓመት እንደገና ማመልከት አይችልም።

ሦስተኛው ስምና ቀን ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በአሜሪካ የዜግነት ወረቀት ሌላ ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ስም ካለ፣ ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የጋብቻ ወረቀት እንዳለ በፈረንጅ ቀን ተደርጎ የተተረጎመ ከሆነ፣ የቬትናም ሹማምንት ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርገው ያዩታል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱን እነሱ አያውቁትም። ሆም ስተዲው ከመጀመሩ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል የመሐላ ቃል ይዘጋጅ። ትርጉሙን እንደገና ማሠራት ቀላል ነው፤ ፋይሉ ሐኖይ ከደረሰ በኋላ ማረም ግን ወራት ይበላል።

ከዚያ በኋላ አይ-800ኤ የሚባለው የመጀመሪያው ማመልከቻ ከሆም ስተዲው ጋር ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይገባል። እናንተ ወላጅ ለመሆን ብቁ መሆናችሁን የሚያጸድቀው እሱ ነው። ፈቃዱ የሚጸናው ለ15 ወር ነው፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ማራዘሚያ መጠየቅ አለባችሁ። ቀኑን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ፋይሉ ወደ ሐኖይ

ለቬትናም የሚላከው ፋይል ማመልከቻውን፣ የፓስፖርት ቅጂን፣ የአይ-800ኤ ፈቃዱን፣ ሆም ስተዲውን፣ የጤና ምስክር ወረቀትን፣ የገቢና የንብረት ማስረጃን፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ወረቀትንና የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃን ይይዛል። ሁለት ሙሉ ስብስብ ነው የሚቀርበው። እያንዳንዱ ወረቀት በየደረጃው ሕጋዊ ማረጋገጫ ያገኛል፤ ወደ ቬትናምኛም ይተረጎማል። ውልና ማስረጃ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ማኅተሙ በረከተ እንጂ።

የቬትናም መንግሥት የሚያስከፍለው በታሪፍ ነው፦ 9 ሚሊዮን ዶንግ የምዝገባ ክፍያ፣ 50 ሚሊዮን ዶንግ ደግሞ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ። ከዚህ ውጭ በውላችሁ ያልተጻፈ፣ «ለሕፃናት ማሳደጊያው ስጦታ» ተብሎ ከአንድ ልጅ ጋር የተያያዘ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ፤ ለኤጀንሲው በጽሑፍ አሳውቁ። በ2008 በሩን ያዘጋው እንዲህ ያለው ነገር ነው። እንዲሁም ራሳችሁ ወደ ማሳደጊያ ሄዳችሁ ልጅ መምረጥ ወይም የወለደችውን እናት ማነጋገር አይፈቀድም። የሔግ ስምምነት ይህን የሚከለክለው ድሃ እናት ፊት ለፊት የቆመ የውጭ ሰው አይታ እንዳትወስን ነው። በቬትናም ሕግ የወለዱ ወላጆች ፈቃዳቸውን መስጠት የሚችሉት ልጁ ቢያንስ 15 ቀን ከሞላው በኋላ ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የእሱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ልጁን ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው መንግሥት ነው። ሪፈራል ይባላል። ከሪፈራሉ ጋር የልደት ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ ሙሉ ቁመናውን የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ ወደ ማሳደጊያው እንዴት እንደ ገባ የሚያሳይ ሰነድ፣ በተጨማሪም ስለ ጠባዩ፣ ስለሚወደውና ስለ ልማዱ የተጻፈ ወረቀት ይመጣል። የመጨረሻውን ብዙ ወላጅ ገረፍ አድርጎ ያልፈዋል። አትለፉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የጤና ወረቀቱን የጉዲፈቻ ልጆችን የሚያይ የሕፃናት ሐኪም ያንብበው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ክብደት፣ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ልክ ነው፤ አንድ ልኬት ብቻ ብዙ አይነግርም፤ በተለያየ ቀን የተለኩ ሁለት ሦስት ቁጥሮች ግን ልጁ እያደገ መሆኑን ያሳያሉ። ቁጥሮቹ ከሌሉ በኤጀንሲው በኩል ይጠየቁ። የልብ ችግር ካለ የልብ አልትራሳውንድ፣ በተጨማሪም ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ ምርመራ፣ ልጁ ሲጫወት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ።

የማይዛባው ተራ

ሪፈራሉን ከተቀበላችሁ በኋላ ያለው ተራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አይ-800 የሚባለው ሁለተኛው ማመልከቻ ለዚያ ልጅ ይገባል፤ ኢሚግሬሽንም ጊዜያዊ ማጽደቂያ ይሰጣል። ቀጥሎ የቪዛ ማመልከቻው ወደ አሜሪካ ቆንስላ ይሄዳል። ቆንስላው ልጁ ቪዛ ለማግኘት የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ካየ በሔግ ስምምነት አንቀጽ 5 የተጠቀሰውን ደብዳቤ ለቬትናም የፍትሕ ሚኒስቴር ይልካል። ቬትናም ጉዲፈቻውን የምታጸድቀው ይህ ደብዳቤ ከደረሳት በኋላ ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው ልጁ የሚኖርበት የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ኮሚቴ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው።

አንቀጽ 5 ደብዳቤ ሳይወጣ ልጁን መረከብ ወይም ጉዲፈቻውን መፈጸም የሂደቱ ትልቁ ስሕተት ነው። ማንም ሰው «እናንተ ኑ፣ ደብዳቤው ይደርሳል» ቢላችሁ አትንቀሳቀሱ።

ውሳኔው ሲወጣ የክፍለ ሀገሩ የፍትሕ ቢሮ ጥሪ ያደርጋል። ከጥሪው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ቬትናም መገኘት አለባችሁ። በቂ ምክንያት ካለ ይራዘማል፤ ግን ከ90 ቀን አያልፍም። ካለፈ ውሳኔው ይሰረዛል። ሥራ ቦታችሁን ቀድማችሁ ያሳወቃችሁ፣ ፓስፖርታችሁን ያደሳችሁ መሆን ያለባችሁ ለዚህ ነው። ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ ይመረጣል፤ አንዱ ካልቻለ ለሌላው በጽሑፍ ውክልና ይሰጣል።

የልጁ ስምም ከውሳኔው በፊት ይወሰን። በቬትናም የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የልጁ መጠሪያ መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ «ላስት ኔም» ሆኖ የሚጻፈው ለልጁ የአያቱ ስም ነው። ልጁ በአባት ስም ይጠራ ወይስ በአያት? የቬትናም ስሙ መካከል ላይ ይቆይለት? ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ሁሉ ያንን ስም ተከትለው ነው የሚወጡት። ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ስሙ እንዲቀየር መስማማት አለበት። ለትንሹም ቢሆን የሚያውቀው ስም ባይጠፋበት መልካም ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን የሚለወጥበት ልጅ ነውና።

ቬትናም ስትደርሱ

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው እስከ 90 ቀን የሚያቆይ የኢንተርኔት ቪዛ ያገኛል። ዋናዎቹን ወረቀቶች ሻንጣ ውስጥ አትጫኑ፤ በእጃችሁ ይሁኑ። ሊቀየር የሚችል የመልስ ትኬት ግዙ፤ ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣል፤ ምክንያቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ርክክቡ የሚደረገው በፍትሕ ቢሮው ነው። የቢሮው ኃላፊ፣ የማሳደጊያው ተወካይ፣ ልጁና እናንተ ትገኛላችሁ፤ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ ጉዲፈቻው በመዝገብ ይሰፍራል። ከመፈረማችሁ በፊት ስምና ቀን በአስተርጓሚ አስነብባችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የልጁ የቬትናም ፓስፖርት፣ ጉዲፈቻው በሔግ ስምምነት መሠረት መፈጸሙን የሚያሳየው የምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ በመጨረሻም ቪዛ ይከተላሉ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚያዘገየው የጤና ምርመራው ነው። ምርመራው የሚደረገው ቆንስላው በፈቀደላቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። ከ2 እስከ 14 ዓመት የሆነ ልጅ የቲቢ የደም ምርመራ ይደረግለታል። ከተገኘበት የደረት ራጅ ይነሣል። ራጁ ካጠራጠረ አክታ ተወስዶ ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ ይታያል፤ ይህ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የደም ምርመራው ብቻ ተገኝቶበት ራጁ ንጹሕ ከሆነ ልጁ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ጉዞውም ብዙ ጊዜ አይቆምም። ግን አንዱ ወላጅ መቆየት ቢያስፈልገው ማን እንደሚቀር፣ ቤት ያሉት ልጆች ከማን ጋር እንደሚሆኑ ከመነሣታችሁ በፊት ወስኑ። ክትባትን በተመለከተ ዕድሜው 10 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ የጉዲፈቻ ልጅ ወላጆች አሜሪካ ሲገቡ እንደሚያስከትቡት በፊርማ ቃል ገብተው ማለፍ ይችላሉ።

በእነዚህ ሳምንታት ያ የተዘለለው የልማድ ወረቀት ይጠቅማችኋል። ልጁ በምን ሰዓት እንደሚተኛ፣ በብርሃን ይሁን በጨለማ፣ በፍራሽ ይሁን በምንጣፍ፣ የሚፈራውና የሚያባብለው ምን እንደሆነ። ያልተጻፈውን ከሞግዚቷ በአስተርጓሚ ጠይቁ፤ እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ አቆዩለት፤ የሚያውቀው ሽታ እዚያ ላይ ነው። ለሆዱ የሚስማማው «ቻው» የሚባለው የሩዝ ገንፎ ነው፤ የትም ይሸጣል፤ አሜሪካ ስትመለሱም በቤት ይሠራል። እንጀራው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ቃላትም ያዙ፦ በሰሜን እናት «ሜ»፣ አባት «ቦ»፤ በደቡብ «ማ» እና «ባ»። «ዳው» ያመኛል፣ «ዶይ» ራበኝ ነው። የሐኖይ ንግግር ስድስት የድምፅ ቃና ስላለው በፊደላችን መጻፉ አይበቃም፤ ሞግዚቷ ስትናገር በስልካችሁ ቅረጿት። ድምፅዋም ኋላ ለልጁ ቅርስ ይሆናል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጉዲፈቻው ውጭ አገር ተጠናቆ በአይኤች-3 ቪዛ ከዜጋ ወላጁ ጋር ሊኖር ሲገባ፣ በ2001 ሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት በዚያው ቀን አሜሪካዊ ይሆናል። የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ሳታመለክቱ በፖስታ ይመጣል፤ አድራሻ ከቀየራችሁ አሳውቁ። የቬትናም ዜግነቱም በአገሪቱ ሕግ አይሰረዝበትም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይየው፤ የደም፣ የሰገራ፣ የሄፓታይተስና የቲቢ ምርመራ እንደገና ይደረግ። ሄፓታይተስ ቢና ቲቢ ከ6 ወር በኋላም ይደገማሉ፤ በመጀመሪያው ምርመራ ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉና። ልጁ ከመምጣቱ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ፣ አያትም ጭምር፣ የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ይውሰድ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሦስት ዙር በ6 ወር ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ሪፈራል ሳይመጣ መጀመር ይሻላል።

ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል ቤት ይሞላል። ደስታው ትክክል ነው፤ ልጁ ግን ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ገና እየለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያበሉት፣ የሚያቅፉት፣ የሚያጥቡት እናትና አባቱ ብቻ ይሁኑ። ጉርሻም ቢሆን ከእነሱ እጅ ብቻ ይሁን። አክስቱና አጎቱ እንዳይቀየሙ ቀድማችሁ አስረዷቸው፤ ምግብ ሠርተው ያምጡ፣ ወላጆቹን ያሳርፉ።

ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት በየ6 ወሩ ስለ ልጁ ጤና፣ እድገትና ኑሮ ሪፖርት ከፎቶ ጋር ይላካል፤ በድምሩ ስድስት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጊዜው ይሄዳሉ፤ አራተኛው ላይ ብዙ ቤተሰብ ይዘናጋል። ከቬትናም በኩል ፋይሉን የሚያነብበው ያው ልጁን የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለሚቀጥለው ልጅ ቤተሰብ ሲፈልግም እነዚያ ሪፖርቶች ከፊቱ ናቸው። ስድስቱንም ቀኖች አሁኑኑ በቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፏቸው።